የዳጊ ሦስት መቶ ሰዓት

ጣሰው ይመር ደሴ ላይ አሥራ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ዛሬ ካናል ዊንቸስተር ካለ ዌርሃውስ ውስጥ በሰከንድ ሺፍት ካርቶን ይደረድራል። ይኼ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሥራ ሥራ ነው። ግን ሰውየው የተወው ጠመኔውን እንጂ አስተማሪነቱን አይደለም፤ ከነግትርነቱ ጠቅልሎ ነው በዲቪ ኮሎምበስ የገባው። ለእሱ ትምህርት ማለት ደብተር፣ ፈተና፣ ውጤት ነው። በቃ! ከዚያ የተረፈው ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ለጠገበ ነው።

ልጁ ሀሴት ሲመጡ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ዋይትሆል ውስጥ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርትመንት ውስጥ አደገች። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የሩጫ አሠልጣኙ ቤት ድረስ ኮል አደረገ። ጣሰው እንግሊዝኛ ከወረቀት ላይ ያነባል፤ ለመናገር ሲሆን ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ስለ ራሷ የተባለውን ራሷ አስተረጎመችለት።

«ጎበዝ ሯጭ ናት፣ ከትምህርት በኋላ በሳምንት አራት ቀን ትምጣልኝ ይላል።»

«ሩጫ ካማረሽ ሚልኪን ከስኩል ባስ ሮጠሽ ተቀበዪ። ይኼን ንገሪው» አለ ጣሰው።

ሚልኪ የስምንት ዓመት ወንድሟ ነው፤ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ገና ኪንደርጋርተን ጀማሪ ነበር። ቀጥሎ ኦርኬስትራ መጣ። «አዝማሪ ሊያደርጉሽ ነው?» አላት። ቀጥሎ ዲቤት መጣ። «ክርክርማ እዚሁ ከእናትሽ ጋር መች አነሰኝ» አለና ሳቀ። ሀሴትም አብራ ሳቀች፤ ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግትርነቱ ብቻ አይደለም። ጣሰውም ሚስቱ ንግሥትም ከሰዓት በኋላ ሥራ ይገባሉ፤ እሱ ዌርሃውስ፣ እሷ ኤርፖርት ጽዳት። ልምምድ ሲያልቅ ማን ሄዶ ያምጣት? ሚልኪን ማን ይቀበለው? ፈረንጆቹ «ከክፍል ውጪ ተሳትፎ» እያሉ ያሽሞነሙኑታል። ከክፍል ውጪ ለመሳተፍ በር ላይ ሞተር አስነስታ የምትጠብቅ እናት ታስፈልጋለች፤ ይኼን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይጽፉልህም።

ስለዚህ ሀሴት ሌላ ነገር ሠራች። እትዬ እናናዬ የሚባሉ ጎረቤት አሏቸው፤ ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ሐኪም ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ እሳቸው ግን «ፊቱን ለማላየው ሰው ሆዴን አልነግርም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሀሴት ሚልኪን በአንድ እጇ፣ የሴትዮዋን ክንድ በሌላ እጇ ይዛ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች። ወሬው ተዛመተ። ከዚያ የአንዱ ስኳር፣ የሌላዋ ዓይን፣ የፉድ ስታምፕ የምግብ እርዳታ ፎርም፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ዳውንታውን ፍርድ ቤት የትራፊክ ቅጣት፤ ሁሉም ሀሴት፣ ሀሴት፣ ሀሴት። በዚህ ላይ ከክፍሏ አንደኛ ነች። አንድም ቢ የለባትም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ! የኩላሊት ሐኪም እሆናለሁ አለች። ማሽኑ አጠገብ ስንት ሰዓት ተቀምጣለች መሰላችሁ።

ጣሰው ይኼን ሁሉ ያውቃል። ደስም ይለዋል። ግን ለእሱ ጉርብትና ነው፤ ጉርብትና ደግሞ እንደ መተንፈስ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል?

የሚቆጥር ነበረ እንጂ! አምሳሉ።

አምሳሉ ከሃያ ዓመት በፊት መጥቶ ታክሲ ነድቶ፣ ቀጥሎ የአዛውንት እንክብካቤ ድርጅት ከፍቶ የተመነደገ ሰው ነው። ካናል ዊንቸስተር ካሉት አዳዲስ ቤቶች አንዱ የእሱ ነው። እዚሁ የተወለደ ዳጊ የሚባል ልጅ አለው፤ የግል ትምህርት ቤት የሚማር፣ ላክሮስ የሚጫወት፣ ቼሎ የሚመታ፣ በበጋ ኮስታሪካ ሄዶ ኤሊ ያዳነ። ክፉ ልጅ አይደለም። አማርኛው ግን «ሰላም ነው» እና «እንጀራ» ላይ ያበቃል። አምሳሉ ለልጁ የኮሌጅ አማካሪ ቀጠረለት፤ አማካሪዋ ሁሉን አየችና «ለገዛ ማኅበረሰቡ የሠራው ነገር ጎድሏል» አለች።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ማኅበረሰቡ ዋይትሆል ቁጭ ብሎ የለም! አምሳሉ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ልጁ «ድልድይ» የሚባል ለአረጋውያን የሚያስተረጉም ድርጅት ማቋቋሙን ተናገረ። ዌብሳይት አለው፣ ዓርማ አለው፣ ሰማያዊ ቲሸርት አለው።

«አስተርጓሚው ማነው?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ።

«ዳጊ በመኪናው ይወስዳቸዋል፤ በማስተርጎሙ ለጊዜው ሀሴት ታግዘዋለች» አለ አምሳሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። የእድሩ ሊቀመንበር ጣሰው ራሱ ነው፤ እሱም አጨበጨበ። ልጄ በመኪና ልትሄድ ነው፣ ከአውቶቡስ ተገላገለች ብሎ ነው የተደሰተው። ዳጊ በዚያ ዓመት አራቴ ነዳ። አራቴም ከእናናዬ ጋር ፎቶ ተነሣ፤ እሳቸውም የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ መርቀውታል። አምስተኛው ላይ ላክሮስ ተጀመረና ሀሴት ወደ አውቶቡሷ ተመለሰች፤ ቲሸርቷን ለብሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በካውንቲው ውስጥ ላሉ የስደተኛ ልጆች በየዓመቱ ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ብቻ፣ የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከነዶርሙ የሚችል ፋውንዴሽን አለ። ሀሴት የነበራት በር እሱ ነው። እሱ ካልሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማረች ዌርሃውስ መግባት ነው፤ ዌርሃውስ የገባ ደግሞ ስንቱ እንደወጣ ጣሰው አብሯቸው ስለሚሠራ ያውቃል።

እሑድ ከሰዓት ሀሴት ላፕቶፗን ይዛ አባቷ ጎን ተቀመጠች። የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል።

«አባዬ፣ ይኼ አክቲቪቲ የሚሉት ነው። የጻፍኩትን ላንብብልህ።»

አነበበችለት። ወላጆቼ ማታ ስለሚሠሩ ወንድሜን በሳምንት ሃያ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ አበላለሁ፣ አስጠናለሁ። ለጎረቤት አረጋውያን ለሦስት ዓመት አስተርጉሜያለሁ፤ አንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ አሉ፤ በአውቶቡስ እንሄዳለን።

የጣሰው ፊት ጠቆረ።

«አጥፊው።»

«ዋት? ለምን?»

«እናትና አባቷ ሞግዚት አደረጓት እንዲሉ ነው? የቤታችንን ገበና ለማያውቁን ፈረንጆች? የእናናዬንስ ኩላሊት ማን አውሪ አለሽ?»

«ስማቸውን አልጻፍኩም እኮ!»

«ስም ምን ያደርጋል! ደግ ሥራ ሠርቶ ሠራሁ ብሎ መጻፍ የማን አገር ወግ ነው? አምና እናናዬ ሲመርቁሽ አልተቀበልሽም? በቃ፣ ተከፍሎሻል።»

«ግን ይጠይቃሉ። ኤቭሪባዲ ይጽፋል፣ አባዬ።»

«የሚጽፈው ውጤት የሌለው ነው» አለ ጣሰው፣ አሥራ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት በቆመበት ድምፅ። «አንቺ አንደኛ ነሽ። አንደኛ ከሆነ ልጅ በላይ ማን አለ? ካላጠፋሽው አልፈርምም።»

ሀሴት ትምህርት ቤት ያለችውን አማካሪ ልትጠይቅ አሰበች፤ ግን አንዷ ሴት ከአራት መቶ ተማሪ ጋር ትታገላለች፣ ቀጠሮዋ ደግሞ ከማስገቢያው ቀን በኋላ ነበር። አባቷ አስተማሪ ነበር። ሲምልበት የኖረው ነገር ሁሉ ውሸት ይሆናል ብላ እንዴት ታስብ? ቁልፉን ተጭና አጠፋችው። ጣሰውም ፈረመ። ያቺ የአክቲቪቲ ገጽ ነጭ ሆና ሄደች።

በዚያው ሳምንት አምሳሉ አፓርትመንቱ ድረስ መጣ። ይኼ ሰው የማይመጣበት ቤት ነው፤ ንግሥት ደንግጣ ምን ላቅርብ ብላ ተጨነቀች። የያዘው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

«ጋሼ ጣሰው፣ ለዳጊ ለኮሌጅ የምትሆን ትንሽ የድጋፍ ደብዳቤ ናት። የእድሩ ሊቀመንበር ስለሆኑ እርስዎ ቢፈርሙልኝ። ጽፌያታለሁ፣ እንዳይደክሙ።»

ጣሰው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ሦስት ዓመት ይላል። ሦስት መቶ ሰዓት ይላል። በገዛ አንደበቱ ለአረጋውያኑ አስተረጎመ ይላል። ሁለቴ አነበበው።

«አምሳሉ፣ ይኼ... ሰዓቱ ትንሽ አልበዛም?»

«ድርጅቱ የእሱ አይደል? ድርጅቱ የሠራው በሙሉ የእሱ ነው። እዚህ እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ ጋሼ» አለና አምሳሉ ፈገግ አለ። «ደግሞ ላንዲት ፊርማ!»

ጣሰው እዚህ አገር የገባ ሰሞን አፓርትመንቱን በራሱ ስም ፈርሞ የተከራየለት አምሳሉ ነው። ዌርሃውሱንም ያሳየው እሱ ነው። ሰውየው ይኼን አልጠቀሰም፤ መጥቀስም አያስፈልገውም፣ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻ ይናገራል። እንቢ ብሎ ነገ በምን ዓይኑ ያየዋል? ይሉኝታ የሚሏት ነገር ስንቱን አዋቂ እንደ ሕፃን ጉንጩን ይዛ ታዞረዋለች! ደግሞም አሰበ፤ ልጄ አንደኛ ናት፣ ይኼ ቁራጭ ወረቀት ማንን ይጎዳል? የትኛው ኮሌጅ፣ የትኛው ስኮላርሺፕ ብሎ አልጠየቀም። ፈረመ። አምሳሉ ሳይጠይቀውም የእድሩን ማኅተም ከመሳቢያ አወጣ። ያለ ማኅተም ወረቀት ወረቀት ነው እንዴ? አሜሪካ ማኅተም የሚጠይቅ የለም፤ እሱ ግን የመጀመሪያው ደብዘዝ አለበትና ደገመው።

በሚያዝያ ለሀሴት ኢሜይል መጣ። አልተመረጥሽም፣ በርቺ ይላል። ከሦስቱ የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች አንዷ ነበርሽም ይላል። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ለሚልኪ ማካሮኒ ቀቅላ አበላችውና ገብታ ተኛች። በሳምንቱ የጥሪ መልእክት ደረሳቸው፤ ስኮላርሺፑን ዳጊ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ድግስ አለ፣ የፋውንዴሽኑ ኃላፊም ትገኛለች።

«አንሄድም» አለች ንግሥት።

«ካልሄድን ቀኑ ይሉናል» አለ ጣሰው። «እኔ ደግሞ መራቂ ነህ ተብዬአለሁ።»

«ይበሉና! ልጅህ እንዲህ ሆና...»

«እሄዳለሁ» አለች ሀሴት። «ላክሮስ ስለሚጫወት ነው ያሸነፈኝ። ኢትስ ፋይን።»

እንዲህ ነበር የመሰላት።

አምሳሉ ጓሮ ድንኳን ተጥሏል። እድርተኛው በሙሉ አለ፤ እናናዬ ጥላው ሥር፣ እጃቸው ላይ የመርፌውን ቦታ በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። የዳጊ እናት ማህደር በሩ ላይ ሀሴትን እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና እዚያው ሥራ ሰጠቻት።

«ሀሴትዬ፣ እንኳን መጣሽልኝ! ሴትዮዋ ንግግር ታደርጋለች፣ ትልልቆቹ አይገባቸውም። ዳጊዬን ታውቂው የለ፣ አማርኛው እንትን ነው። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?»

እሺ አለች። ምን ትበል?

የፋውንዴሽኑ ሴትዮ ነጭ ፀጉር፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ወረቀቷን ዘረጋች። ሀሴት ማይክ ይዛ ከጎኗ ቆመች። ዳጊ መሐል ቆሞ ጫማ ጫማውን ያያል።

«ይህ ወጣት» አለች ሀሴት በአማርኛ፣ «ለሦስት ዓመት አረጋውያንን በየሐኪም ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እየወሰደ...» እዚህ ላይ ድምጿ ወረደ፤ ግን አልቆመችም። «...እየወሰደ አስተርጉሟል። ሦስት መቶ ሰዓት።»

«ማነው እሱ?» አሉ እናናዬ ከጥላው ሥር፣ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብለው። «እኔን ይቺ አይደለች እንዴ የምትወስደኝ?»

«እሽ፣ እትዬ፣ በኋላ!» አሏቸው አጠገባቸው የነበሩት፤ አንዷም ክትፎ የያዘ ሳህን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ሴትዮዋ ቀጠለች። ሀሴት ሰማች፣ ዝም አለች። ሴትዮዋ ያልገባት መስሏት ዐረፍተ ነገሩን ቀስ ብላ ደገመችላት።

«የዘንድሮው ውሳኔ ከባድ ነበር» አለች ሀሴት። «በውጤት ከሁሉም የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ነገር ግን... ለሌላ ሰው ያደረገችው አንድም ነገር ወረቀቷ ላይ አላገኘንም። ለራሷ ብቻ የምትማር ልጅ መስላ ታየችን።»

ንግሥት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጣሰው ወደ አምሳሉ ዞረ። ከወረቀቷ ማስጠፋቱ ይቅር፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱና አምሳሉ።

«የወሰነልን» አለች ልጁ፣ ዓይኗን ከሴትዮዋ አፍ ወደ አባቷ እያዞረች፣ «ከማኅበረሰቡ ሽማግሌ የመጣ ደብዳቤ ነው። በፊርማ ብቻ ሳይሆን በሁለት ማኅተም የተረጋገጠ። ለዳጊ ሦስት መቶ ሰዓት የመሰከሩለት ክቡር ሰው ዛሬ እዚህ አሉ። አቶ ጣሰው ይመር።»

ጭብጨባ! ሰው ያጨበጭባል፣ ሌላ ምን ያውቃል? ሀሴት ማይኩን ይዛ አባቷን ታየዋለች። አትቆጣም፣ አታለቅስም። ደሴ ላይ ስንት ልጅ ሲወድቅ አይቷል፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ግን አይቶ አያውቅም።

«ጋሼ ጣሰው፣ ይመርቁልን!» አለ አምሳሉ ቶሎ ብሎ።

ጣሰው ተነሣ። አምሳ ሁለት ዓመት ለሰው አፍ ሲጨነቅ የኖረ ሰው፣ አሁን የልጁ ፊት ከሰው አፍ በለጠበት።

«የምመርቀው የለኝም» አለ። «ዋሽቻለሁ። ሦስት መቶውን ሰዓት የሠራችው ይቺ ልጄ ናት። ዳጊ አራት ቀን መኪና ነዳ እንጂ አንድ ቃል አላስተረጎመም፤ አይችልምም። እያወቅኩ ፈረምኩ። የእሷንም ከወረቀቷ ያስጠፋኋት እኔው ነኝ። ሀሴት፣ ንገሪያት። ያልኩትን ቃል በቃል ንገሪያት።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደ ሀሴት ዘወር አለች። እዚያ ጓሮ ውስጥ ነገሩ ያልገባው እሷና ዳጊ ብቻ ነበሩ።

ሀሴት ማይኩን አነሣች። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦ አባቴ ዳጊን እንደ ገዛ ልጁ ያየዋል፤ በዛሬው ቀን በጣም ኮርቷል፤ እግዚአብሔር ይባርከው ይላል።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። ጣሰው የሰማውን ማመን አቃተው። «ኖ» አለ፣ «ኖ... ማይ ዶተር...» ከዚያ ወዲያ ምላሱ ተሳሰረ። ሴትዮዋ መጥታ ሁለት እጁን ጨበጠችው፤ አዎ፣ ልጅዎ ድንቅ አስተርጓሚ ናት አለችው።

«አሜን!» አለ አምሳሉ ከወዲያ ማዶ።

ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አሜን አለ። ሁሉም የሰማ ነው። ሃያ ዓመት እዚህ የኖረ፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚፈስለት ስንቱ እዚያ ነበር! አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሁለት ርምጃ ሄዶ ለሴትዮዋ ቢነግራት ምን ነበረበት? የአምሳሉን ክትፎ ጎርሶ ማን ይናገር! እናናዬ ብቻ ሳህናቸውን አስቀምጠው «እንዴ? እንዴ?» ይሉ ነበር፤ የሚመልስላቸው አላገኙም።

መኪና ውስጥ ገቡ። ንግሥት ከኋላ ሚልኪን አቅፋ፣ ሀሴት ከፊት። ጣሰው ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ያደርጋል?» አለች ሀሴት ወደ መስኮቱ ዞራ። «አንተን ሐሰተኛ ምስክር ይሉሃል፣ እኔን የእሱ ልጅ። ለኔ አይሰጡኝም።»

«ቢሆንም እውነቱን ተናግሬ ነበር።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ተናግረህ እንዲቀልልህ አልፈለግኩም።»

ጣሰው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ እኮ አባትሽ ነኝ።»

«ስትፈርምም አባቴ ነበርክ።»